ውሃ ልክ

እኔ አናጺ ነኝ፤ ከሐይቁ ዳር ዳር ቤት የምሠራ፣
ኑሮዬ የተቸነከረ ከባለገንዘብ በረንዳ ጋራ።
ስለዚህ ንጹሕ ምስክር አይደለሁም፤ አስቀድሜ ልናገር፤
የጀልባ ማቆሚያውን ሠርቼ ነው ስለ ዓሣው የምከራከር።

ዊስኮንሲን ነው፣ ሰሜኑ ጫፍ፣ ታማራክ የሚሉት ሐይቅ።
በረዶ ሲሆን መኪና ይሸከማል፤ ሲሟሟ ሕፃን ያሳስቃል።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ?
እኛን ግን የወሰደን ሕግ ነው፤ ያውም ሳያስቀን።

ባለፈው ሰኔ፣ ማክሰኞ ማታ፣ በእሳት አደጋው ጣቢያ፣
ቀዩን መኪና ወደ ውጪ አውጥተን ወንበር ደረደርን እዚያ።
ዴልበርት ኦያላ ተነሣ፣ ነጭ ሰሃን በገመድ ይዞ፦
«ልጄ ስትወለድ ይህችን ሰሃን ወደ ውሃው ስሰዳት፣
እስከ አሥራ ስምንት ጫማ ድረስ ዐይኔ ነበር የሚሸኛት።
ዛሬ ዘጠኝ ላይ ትሰወራለች። ዐይኔ አይደለም የደከመው፤
ዐይኔንማ ሐኪም አይቶታል፤ ሐይቁን ነው ማንም ያላየው።»

ስድሳ አንድ እጅ ተነሣ፤ አራቱ ጉያቸው ውስጥ ቀሩ።
ማዕበል የሚያስነሡ ትልልቅ ጀልባዎች ከዳር ዳር እንዳይበሩ፣
አዲስ ቤትም ከውሃው አፍ መቶ ኀምሳ ጫማ እንዲርቅ
ተወሰነ። ማርሊስ ትቬይት ማኅተም መታችበት፣ የጠረጴዛው እግር እስኪላቀቅ።
እኔም እጄን አነሣሁ፤ ቀኝ እጄን።
ግራው የደንበኛዬን ፕላን ጠቅልሎ ይዞ ነበር።

በነሐሴ ከማዲሰን ደብዳቤ መጣ፤ ሁለት ገጽ፤ ትሕትናው የሚያስፈራ፦
«ግዛቱ ሰባ አምስት ጫማ ብሏል። ከዚያ ለማጥበቅ ሥልጣን የላችሁም።
ሐይቁ የመላው ሕዝብ ነው፤ የመንደራችሁ ብቻ አይደለም።»
ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤
እዚህ ንጉሥ የለም፤ አንቀጽ ነው ያለው፤
እሱም አይታረስ፣ እሱም አይከሰስ።

ሰባ አምስት ጫማ!
በጫማ ይለካል ሕጉ፤ የማን ጫማ እንደሆነ አይልም፤
ማዲሰን ተቀምጦ የሚረግጠን ጫማ ጭቃችንን አያውቅም።
ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንዳልል፣
የሐይቅ አጥሩ የታል?
ባለቤቱስ ማን ይባል?

ይህን ስል ማርሊስ የቆየ መዝገብ አወጣች፣ ጥጉን አይጥ የቀመሰው።
«አንብበው» አለችኝ። የሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ ቃለ ጉባኤ ነው።
የወረቀት ፋብሪካው ዝቃጩን ከሐይቃችን እንዲደፋ
በሙሉ ድምፅ ፈቅደናል፣ ሥራ ከመንደሩ እንዳይጠፋ።
ከፈራሚዎቹ ሁለተኛው አባቷ ነው፤ ፊርማው ያምራል፣ እንደ ዓሣ ጅራት።
«ያኔ ማን ያስጣለን ይመስልሃል? ይኸው አሁን የምትረግመው ግዛት።»
መዝገቡን ዘጋችው፤ አቧራው ተነሣ፤ ሁለታችንንም አስነጠሰን።
ያኔ ከራሳችን ያዳነን እጅ፣
ዛሬ ራሳችንን እንዳናድን ያዘን።

በሚያዝያ በረዶው ሲፈርስ ደንበኛዬ ደወለ፤
«ሰባ አምስት! አንዲት ጫማ እንዳትጨምር፤ ተፈቅዷል» አለ።
ካስማዬን፣ መዶሻዬን፣ ሜትሬን፣ ውሃ ልኬን ይዤ ወረድኩ።
ሉን የምትባለዋ ወፍ ከሸምበቆው መሐል ጎጆ ትሠራለች፣
ያለ ፕላን፣ ያለ ማኅተም፣
ከውሃው አንድ ስንዝር ርቃ።
እያየችኝ ካስማዬን ተከልኩ።

ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አደረ።
ጠዋት ብመለስ ካስማው እዚያው ቆሟል፤ ዳሩ ግን አራት ጫማ ተጠግቶታል።
ሰባ አምስቱ ሰባ አንድ ሆኗል።
ለማን ልንገር? ለማርሊስ? ለማዲሰን? ወይስ ለዚያ ሰሃን ለሚያጠልቀው?
ውሃ ልኬን ከመሠረቱ ድንጋይ ላይ አጋደምኩት፤
አረፋዋ ወደ ግራ ሄደች፣ ወደ ቀኝ መጣች፤ መሐል አልቆም አለችኝ።
እንደገና ልለካ ጎንበስ ብዬ የሜትሩን ጫፍ ከውሃው አፍ ባደርገው፣
ውሃው ማንንም ሳይጠይቅ መጥቶ
ጫማዬን አራሰው።